ሄድፎን ላይ ሙሉ የሚሰማ ድምፅ ሚክሰር ላይ ለምን ይጠፋል? (የመቅጃ ሄድፎንና ላይን መውጫ)

#1 የማታ_ሞገድ

ሰላም ለመድረኩ ሰዎች። ጥያቄው ዙም ኤች4ኤን በሚባለው የእጅ ድምፅ መቅጃ ላይ ስላለችው አንዲት ትንሽ ቀዳዳ ነው፤ ሄድፎኑም ላይኑም (ወደ ሌላ መሣሪያ የሚሄደው ድምፅ) የሚወጣው በእሷው ነው። የተቀዳ የበገና መዝሙር ከመቅጃው ወደ አዳራሽ ሚክሰር መግባት አለበት። ገመዱ በአንድ ወገን ትንሹ ስቴሪዮ ጃክ (3.5)፣ በሌላው ወገን ወንዴ ኤክስኤልአር (ባለ ሦስት እግሩ የማይክ መሰኪያ) ነው። የተሰካው ማይክ ቻናል ላይ ነው።

በሄድፎን ሲደመጥ ምንም አይጎድልም። ሚክሰሩ ላይ ሲገባ ግን ዘማሪውና በገናው ድራሻቸው ይጠፋል፤ የሚተርፈው የክፍሉ ማስተጋባትና የሕዝቡ ሳል ነው። መቅጃው በአዳፕተር ሲሠራ ከስር እምምም የሚል ድምፅ አለ፣ በባትሪ ድንጋይ ሲሠራ ይቀንሳል። ፋንተሙ (ሚክሰሩ በገመዱ ወደ ማይክ የሚልከው 48 ቮልት) ለሌሎቹ ማይኮች ሲባል በርቷል። ይኸው መውጫ ወደ ካሜራ ማይክ ሲገባ ደግሞ ድምፁ ይሰነጠቃል፤ የካሜራውን ጌን (የመግቢያውን ድምፅ የሚያጎላውን) እስከ መጨረሻ ቢቀንሱትም ያው ነው።

መቅጃው ነው የተበላሸው ወይስ ገመዱ?

#2 ብየዳ_ቤት

ከሁሉ በፊት ፋንተሙን አጥፋ። ሌላው ይደርሳል።

48 ቮልቱ በኤክስኤልአሩ 2 እና 3 ቁጥር እግሮች ላይ፣ እያንዳንዱ በ6.8 ኪሎ ኦም ሬዚስተር በኩል ይመጣል። በአንተ ገመድ 2 ቁጥር ከጃኩ ጫፍ፣ 3 ቁጥር ከቀለበቱ ጋር ስለተያያዘ ቮልቱ የሄድፎን ማጉያውን ግራና ቀኝ መውጫ እየገፋ ነው። በአንድ እግር እስከ 7 ሚሊአምፔር ይፈሳል። ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን በእነዚህ ትንንሽ መሣሪያዎች መውጫ ላይ የሚገቡት ካፓሲተሮች ብዙ ጊዜ 6.3 ወይም 10 ቮልት የሚችሉ ናቸው። ወዲያው ላይቃጠል ይችላል። አንዱ ወገን ቀስ በቀስ ይደክማል፣ ባሱ ይቀጥናል፣ ከዚያ መሰነጠቅ ይጀምራል።

ፋንተሙን ስታጠፋ ፌደሩን (የቻናሉን ተንሸራታች ቁልፍ) አውርድ፣ አንድ ደቂቃ ያህል ጠብቅ፣ ከዚያ ገመዱን ንቀል። በትንንሽ ሚክሰሮች ላይ ፋንተም የሁሉም ቻናል አንድ ቁልፍ ስለሆነ «ለሌሎቹ ማይኮች ያስፈልገኛል» ካልክ የሚያዋጣህ ትራንስፎርመር ያለው ፓሲቭ ዲአይ ቦክስ (መሀል ገብቶ ድምፁን ለማይክ መግቢያ የሚያመቻች፣ መብራት የማይፈልግ ሳጥን) ነው። ትራንስፎርመር ቀጥታ ቮልት አያሳልፍም።

#3 ዲሲቤል_27

ገመዱም መቅጃውም ደህና ናቸው። የተሳሳተው የሁለቱ ጋብቻ ነው።

ትንሹን ጃክ እጅህ ላይ ይዘህ ተመልከተው፤ ሁለት ጥቁር መስመሮች ለሦስት ይከፍሉታል። ጫፉ ግራ፣ ቀለበቱ ቀኝ፣ ግንዱ ግራውንድ ነው። የማይክ ቻናል ኤክስኤልአር ግን ግራና ቀኝ አያውቅም። 2 ቁጥር ላይ ከመጣው ላይ 3 ቁጥር ላይ የመጣውን ይቀንሳል፤ ሥራው ይኸው ብቻ ነው። ለማይክ ይህ ትልቅ በረከት ነው፦ ማይኩ በሁለቱ እግሮች ተቃራኒ የሆነ ድምፅ ስለሚልክ ልዩነቱ እጥፍ ሆኖ ይወጣል፣ በመንገድ ላይ የገባው ጉምጉምታ ግን በሁለቱም እኩል ስለሚሆን ይሰረዛል።

አሁን ወደ መዝሙርህ ተመለስ። ዘማሪውና በገናው መሀል ላይ ናቸው፤ በግራም በቀኝም እኩል አሉ። ሚክሰሩ ዘማሪህን እንደ ጉምጉምታ ቆጥሮ ሰረዘው። ማስተጋባቱና ሳሉ ከግራ ወደ ቀኝ ስለሚለያዩ ተረፉ። ፈተናው ቀላል ነው፦ ሞኖ ፋይል አጫውት። ሚክሰሩ ላይ ምንም ካልተሰማ ወይም እጅግ ከሳሳ ጉዳዩ ያለቀ ነው፣ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም።

ይህ ገመድ ሱቅ ውስጥ «ከስቴሪዮ ወደ ኤክስኤልአር» ተብሎ ይሸጣል፣ ሰው በስሙ ይገዛዋል። የተሠራው ግን ባላንስድ ለሆነ (አንዱን ድምፅ በሁለት እግር ተቃራኒ አድርጎ ለሚልክ) መውጫ ነው። የኤች4ኤን መውጫ ባላንስድ አይደለም፣ ስቴሪዮ ነው። ሦስት ክፍል ያለው ጃክ ሁሉ አንድ ሥራ አይሠራም።

#4 የማታ_ሞገድ

ፋንተሙ ጠፍቷል። ሞኖ ፋይሉም ተሞከረ፤ በእርግጥም ምንም አይሰማም። ታዲያ ይህን ገመድ ቆርጦ ማስተካከል ይቻላል? ቻናል የሚተርፈው አንድ ብቻ ነው።

#5 ብየዳ_ቤት

ይቻላል። ሁለት መንገድ አለ።

አንደኛው ግራውን ብቻ መውሰድ ነው። ኤክስኤልአሩን ክፈት፣ ከቀለበቱ የሚመጣውን ሽቦ (ብዙ ጊዜ ቀዩ ወይም ነጩ ነው፣ በቀለም አትመን፣ በቴስተር አረጋግጥ) ከ3 ቁጥር ንቀልና ጫፉን በሙቀት ቱቦ ሸፍነህ ተወው። ከዚያ 3 ቁጥርን ከ1 ቁጥር ጋር በአጭር ሽቦ አገናኝ። ጫፉ 2 ላይ፣ ግንዱ 1 እና 3 ላይ ሆነ ማለት ነው። የቀለበቱ ሽቦ ግራውንድ እንዳይነካ ተጠንቀቅ፤ ከነካ የቀኙ ማጉያ ሁልጊዜ አጭር ዑደት ላይ ነው። ሁለት ክፍል ያለው የሞኖ ጃክ መቅጃው ላይ መሰካትም ያንኑ ነው የሚያደርገው፦ ግንዱ ረጅም ስለሆነ ቀለበቱን ከግራውንድ ጋር ያጣብቀዋል።

ሁለተኛውና የተሻለው ግራና ቀኙን መደመር ነው። ሁለት ባለ 1 ኪሎ ኦም ሬዚስተር፣ ሩብ ዋት፣ ከተገኘ የ1 በመቶው። አንዱ ከጫፉ፣ ሌላው ከቀለበቱ ተነስተው 2 ቁጥር ላይ ይገናኛሉ። 3 እና 1 ግራውንድ ላይ። ኤክስኤልአሩ ቆብ ውስጥ ሁለቱም ይገባሉ፤ እግራቸውን ከመበየድህ በፊት ቱቦ አልብሳቸው፣ ቆቡ ሲጠመዘዝ እርስ በርስ ይነካካሉና።

ሁለት ቻናል ቢኖርህ ኖሮ ብየዳ አያስፈልግም ነበር። ከትንሹ ስቴሪዮ ጃክ ወደ ሁለት ትልልቅ ሞኖ ጃክ (6.3) የሚከፈል ገመድ፣ ወደ ሁለት ላይን መግቢያ፣ አንዱን በፓን ቁልፉ (ድምፁን ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ በሚወስደው) ወደ ግራ ሌላውን ወደ ቀኝ። ሁልጊዜ የመጀመሪያ ምርጫ ይህ ነው።

#6 እሙ_ሚክሰር

ሬዚስተር ሳያስገቡ ግራና ቀኙን ዝም ብሎ ማጣበቅስ? ብዙ ሰው ያደርገዋል፣ ድምፅም ይወጣል።

#7 ዲሲቤል_27

ይወጣል እሙዬ፣ ግን ሁለቱ ማጉያዎች እየተጋፉ ነው። የእያንዳንዱ የውስጥ መቋቋም 10 ኦም ነው ብለን እንያዝ። በአንድ ቅጽበት ግራው 0.5 ቮልት፣ ቀኙ ዜሮ ቢሆን ከአንዱ ወደ ሌላው 0.5 ሲካፈል ለ20፣ 25 ሚሊአምፔር ይፈሳል። ያ ሁሉ ወደ ሚክሰሩ አይሄድም፣ እርስ በርስ ነው የሚባክነው። ባለ 1 ኪሎ ኦሞቹን ስታስገቢ ያው ልዩነት ሩብ ሚሊአምፔር ብቻ ይሆናል። ሞኖ ለሆነ ፋይል ልዩነቱ አይታይም፤ ሰፊ ስቴሪዮ ሲሆን ነው ድምፁ የሚቆሽሸው፣ የመቅጃውም ድንጋይ ቶሎ የሚያልቀው።

አንድ መውጫን ለሁለት መግቢያ መክፈል ችግር የለውም። ሁለት መውጫን ማጣበቅ ነው የማይፈቀደው።

#8 አንድ_ኪሎኸርትዝ

ገመዱ ከተስተካከለ በኋላ ሁሉም የሚሳሳትበት ቦታ የድምፅ መጠን ነው። የኤች4ኤን መውጫ «ላይን» ተብሎ ይጻፍ እንጂ በጎን ባለው የቮልዩም ቁልፍ የሚታዘዝ የሄድፎን ማጉያ ነው። ቋሚ ላይን የሚባለው ቁልፍ የማይነካው ነው።

ቁጥሩን አብረን እንሥራው። ለዚህ ዓይነት መቅጃ የሚጻፈው አቅም ብዙውን ጊዜ 20 ሚሊዋት በ32 ኦም ነው። 0.02 ሲባዛ በ32፣ 0.64፤ ሥሩ 0.8 ቮልት። ይህ ጭነት ላይ እያለ የሚሰጠው ጣሪያ ነው፣ በዲቢዩ (0.775 ቮልትን ዜሮ ብሎ በሚቆጥረው የድምፅ መለኪያ) ሲለወጥ ወደ ዜሮ ግድም ይሆናል። የአዳራሽ ሚክሰር የሚጠብቀው መደበኛ መጠን +4 ዲቢዩ፣ ማለትም 1.23 ቮልት ነው። የቤት መሣሪያዎች የሚባሉት -10 ዲቢቪ (ዜሮው 1 ቮልት የሆነ መለኪያ) ላይ ይሠራሉ፣ 0.316 ቮልት። በሁለቱ መካከል 11.8 ዲሲቤል ልዩነት አለ፤ ሰው «12» ይላል፣ ይበቃል።

አሠራሩ እንዲህ ነው፦

ኦዳሲቲ በሚባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም ላይ 1 ኪሎኸርትዝ፣ -18 ዲቢኤፍኤስ (ከፋይሉ ጣሪያ 18 ዲሲቤል ዝቅ ያለ) የሆነ የአንድ ደቂቃ ድምፅ ሥራ፣ ስቴሪዮ ዋቭ አድርገህ ካርዱ ላይ ጫን። ሚክሰሩ ላይ ጌኑን ሙሉ በሙሉ አውርድ፣ ፌደሩን ዜሮ ምልክቱ ላይ አቁም፣ ኢኪውን (የባስና የቀጭን ድምፅ ማስተካከያውን) መሀል። መቅጃውን 80 ላይ አድርግ (ከ100)። ድምፁን አጫውት፣ ጌኑን ሜትሩ ዜሮ እስኪያሳይ ክፈት። ከላይ ባለው ስሌት -18 ላይ ያለ ድምፅ መቅጃው ሙሉ ቢከፈት እንኳ ወደ -18 ዲቢዩ ስለሚወጣ ጌኑ 22 ዲሲቤል ያህል ቢጠይቅህ አትደንግጥ፣ 80 ላይ ደግሞ ይጨምራል። ማይክ መግቢያ ላይ ስለሆንክ ይህን በቀላሉ ይሰጥሃል። ከዚያ ከመዝሙሩ ከፍ የሚለውን ቦታ ፈልገህ ቀዩ መብራት እንዳይነካ አረጋግጥ። ጌኑ እስከ ታች ወርዶም ቀዩ ከበራ የቻናሉን ፓድ (መግቢያውን የሚቀንሰውን ቁልፍ) ተጫን።

100 ላይ የማይሠራው ማጉያው ጣሪያው ላይ ሲደርስ የሚሰነጠቀው መቅጃው ውስጥ ስለሆነ ነው፤ የሚክሰሩ ሜትር አያሳይህም። 20 ወይም 30 ላይም አይሠራም፣ የጎደለውን በሚክሰሩ ስትሞላ ሹክሹክታው አብሮ ይከፈታል። ቁልፉን ካቆምክ በኋላ ቁጥሩን በወረቀት ፕላስተር ላይ ጽፈህ ለጥፍ፣ መሣሪያው ኪስ ሲገባ ቁልፉ በቀላሉ ይነካልና።

#9 ኦም_ሜትር

የውስጥ መቋቋም 10 ኦም «ነው እንበል» ተብሏል። መገመት አያስፈልግም፣ ይለካል። ጭነት ሳይኖር መውጫው ላይ ያለውን ተለዋዋጭ ቮልት ለኩ፤ ከዚያ በጫፉና በግንዱ መካከል 33 ኦም ሬዚስተር አድርጋችሁ ድጋሚ ለኩ። የመጀመሪያው ሲቀነስ ሁለተኛው፣ ሲካፈል ለሁለተኛው፣ ሲባዛ በ33። ለምሳሌ 0.50 የነበረው ወደ 0.38 ቢወርድ 10.4 ኦም ይሆናል።

አንድ ማሳሰቢያ፦ ርካሽ ቴስተር በ1 ኪሎኸርትዝ ላይ በትክክል አያነብም፣ የተሠራው ለመብራት 50 ኸርትዝ ነው። ለዚህ ልኬት 200 ኸርትዝ ድምፅ ተጠቀሙ፣ ቮልዩሙም መካከለኛ ይሁን፤ 33 ኦሙ ላይ ማጉያው ከተሰነጠቀ ቁጥሩ ዋጋ የለውም።

#10 የማታ_ሞገድ

ጋሼ ኦም_ሜትር፣ እግዜር ይስጥልኝ። ገመዱ በሁለት ሬዚስተር ተሠርቶ ዘማሪው ተመልሷል። የቀረው እምምታው ነው። በአዳፕተር ብቻ ነው የሚመጣው፤ አዳፕተሩን መጣል እንዳይሆን መዝሙሩ ሁለት ሰዓት ይሄዳል።

#11 ዲሲቤል_27

ሁለት ሰዓት ለአዲስ ድንጋይ ከባድ አይደለም። ኤች4ኤን ሁለት ኤኤ ድንጋይ ነው የሚወስደው፤ ኒኬል የሆኑ የሚሞሉ ድንጋዮች አድርግ፣ ሜኑው ላይም የድንጋዩን ዓይነት ኒኬል ብለህ ምረጥ፣ አለዚያ የቀረውን መጠን በስህተት ያሳይሃል። ለመቅጃው የራሱን ፋንተም አታብራ፣ ድንጋይ የሚጨርሰው እሱ ነው።

አዳፕተር ግድ ከሆነ መንስኤውን ለይ። ሶኬት ላይ የተሰካው አዳፕተርና ሶኬት ላይ የተሰካው ሚክሰር በድምፅ ገመዱ ግራውንድ በኩል ይገናኛሉ፤ በዚያ ቀለበት ውስጥ የሚዞረው ጅረት ነው የሚሰማህ። ዝቅ ያለ፣ ወፍራም እምምታ ከሆነ 50 ኸርትዝና እጥፎቹ ናቸው፣ ግራውንድ ነው። ቀጭን፣ ካርዱ ሲነበብ የሚለዋወጥ ጭርጭርታ ከሆነ የአዳፕተሩ የራሱ ቆሻሻ ነው። ለመጀመሪያው መድኃኒቱ ትራንስፎርመር ነው፦ ዲአይ ቦክስ ከግራውንድ መለያ ቁልፍ ጋር፣ ወይም 600 ለ600 ኦም ማግለያ ትራንስፎርመር። ለሁለተኛው ሌላ አዳፕተር ሞክር። የሚክሰሩን የመብራት ግራውንድ እግር መስበር ወይም በፕላስተር መሸፈን ግን መፍትሔ አይደለም፤ 220 ቮልት ነው፣ ማይክ የያዘ ሰው አፉን ብረቱ ላይ ያደርጋል። ይህን ማንም እንዳይሞክረው።

በገና ስለሆነ አንድ ነገር ልጨምር። በገና በእንዚራው ምክንያት ራሱ እዝዝ ይላል፤ ክሩና ድልድዩ መካከል የሚገባው ቆዳ ነው ያንን ድምፅ የሚሰጠው። ስለዚህ እምምታ መኖሩን እየተጫወተ ሳለ መለየት አይቻልም። ከመዝሙሩ በፊት ባለው ጸጥታ፣ ፌደሩ በሚሠራበት ቦታ ቆሞ፣ ፋይሉን ፖዝ አድርገህ አድምጥ። እዚያ ጸጥ ካለ የኋላው እዝዝታ የበገናው ነው፣ በኢኪው አትንካው። ስንት መዝሙር ነው «እምምታ አጠፋሁ» ተብሎ በገናው የተላጨው።

#12 ብየዳ_ቤት

ዲአይ ቦክሱን ስትጠቀም ርቀቱንም ትፈታለህ። ባላንስድ ያልሆነው ገመድ 5 ሜትር ገደማ ሲያልፍ ከመብራት ገመድና ከዲመር (ከመብራት ማደብዘዣ) ጉምጉምታ መልቀም ይጀምራል። ዲአይውን መቅጃው አጠገብ አስቀምጥ፣ ከእሱ ወደ ሚክሰሩ ደግሞ ረጅሙን ኤክስኤልአር ዘርጋ። ፓሲቭ ዲአይ ወደ 20 ዲሲቤል ስለሚቀንስ ጌኑን በዚያ መጠን መልሰህ ትከፍታለህ። እዚህ ጋ ጥንቃቄ፦ ዲአይው የሞኖ ጃክ ነው የሚፈልገው፣ ስለዚህ በሬዚስተር የተደመረውን ገመድ በትልቅ ሞኖ ጃክ ጨርሰህ ሥራው።

#13 እሙ_ሚክሰር

የካሜራው ጥያቄ ሳይመለስ አለፈ።

#14 አንድ_ኪሎኸርትዝ

አላለፈም፣ ወረፋው ነው።

የካሜራ ማይክ መግቢያ የሚጠብቀው ጥቂት ሚሊቮልት ነው። መቅጃው የሚሰጠው በመቶዎች የሚቆጠር ሚሊቮልት ነው። የካሜራው ጌን ሜኑ የሚቀንሰው ከመጀመሪያው ማጉያ በኋላ ያለውን ስለሆነ እስከ ታች ብታወርደውም ስንጥቁ አስቀድሞ ገብቷል። መቅነሱ ከካሜራው በፊት መሆን አለበት።

ለእያንዳንዱ ወገን ሁለት ሬዚስተር ነው፦ በመስመሩ ላይ 10 ኪሎ ኦም፣ ከእሱ በኋላ ከመስመሩ ወደ ግራውንድ 100 ኦም። 101 ጊዜ ይቀንሳል፣ 40 ዲሲቤል። 316 ሚሊቮልት ገብቶ 3.1 ይወጣል። በጣም ቀነሰ ካላችሁ 100ውን በ560 ቀይሩ፣ 25 ዲሲቤል ይሆናል። ለስቴሪዮ አራት ሬዚስተር ማለት ነው፤ ከካሜራው በኩል ያለው ጃክ ትልቅ ቆብ ያለው ይሁን፣ ሁሉም እዚያ ይገባሉ።

ለምን ከካሜራው በኩል? መቅጃው ጋ ከቀነሳችሁት በገመዱ ላይ የሚጓዘው 3 ሚሊቮልት ነው፣ በመንገድ የሚገባው ቆሻሻም ሳይቀነስ ይደርሳል። ካሜራው ጋ ከሆነ ግን ጠንካራው ድምፅ ይጓዝና ድምፁም ቆሻሻውም አንድ ላይ 40 ዲሲቤል ይወርዳሉ። ይህን ብዙ ሰው በተቃራኒው ነው የሚሠራው።

ካሜራው ማይኩን ለማንቃት 2 ወይም 3 ቮልት በዚያው መስመር ይልካል። 10 ኪሎ ኦሙ መሀል ስላለ መቅጃውን አይጎዳውም። ካሜራው ላይ ድምፁን ወደ ማንዋል አድርጉ፤ አውቶ ከሆነ ዘማሪው ትንፋሽ ሲወስድ ካሜራው ጌኑን ይከፍትና ሹክሹክታው እንደ ማዕበል ከፍና ዝቅ ይላል።

#15 የገመድ_ወዳጅ

መሣሪያ ለመግዛት ለሚያስብ፦ ዙም ኤች5 እና ኤች6 ሄድፎኑንና ላይኑን በሁለት የተለያየ ቀዳዳ ነው የሚያወጡት፣ ላይኑንም ለካሜራ በሜኑ መቀነስ ይቻላል። ሶኒ ፒሲኤም-ኤም10ም ሁለት መውጫ ነበረው። ታስካም ዲአር-60ዲ ለካሜራ ተብሎ የተቀነሰ መውጫ ለብቻ አለው፣ ለላይንም ሌላ። ዙም ኤፍ8 ላይ ዋናው መውጫ ትንሽ ኤክስኤልአር የሚመስል ባላንስድ ነው፣ ንዑሱ 3.5 ነው፣ ሄድፎኑ ትልቁ ጃክ ነው። ኤች1፣ ኤች2ኤን፣ ታስካም ዲአር-05 እና ዲአር-40 እንደ ኤች4ኤን አንድ ቀዳዳ ብቻ ናቸው። እየሰማህ ወደ ካሜራ መላክ ካለብህ ሁለት ቀዳዳ ያለውን ግዛ። አንዷን ቀዳዳ በስፕሊተር ለሄድፎንና ለካሜራ ማካፈል ይቻላል፣ ግን ለጆሮህ ቮልዩም በነካህ ቁጥር የካሜራው ቅጂ ይለዋወጣል።

#16 ናሁ_ቀጥታ

ካሜራ የለንም፣ በስልክ ነው ቀጥታ የምናስተላልፈው። ውጭ አገር ያሉ ቤተሰቦች ይከታተላሉ። በ#14 ያለው ሥራ ከባለ አራት ክፍል ጃክ ጋር ይሠራል? ሠርተን ስንሰካ ስልኩ ራሱ ሙዚቃ ማጫወት ይጀምራል፣ ማይኩን አይቀበልም።

#17 ኦም_ሜትር

ስልኩ እየተሳሳተ አይደለም። የአንድሮይድ ስልኮች የጆሮ ማዳመጫ ቁልፎችን የሚለዩት ማይክ መስመሩ ላይ ባለ መቋቋም ነው። ማይክ ማለት ለእሱ ከ1 ኪሎ ኦም በላይ ነው፤ ከዚያ በታች ያለ ሁሉ የተጫነ ቁልፍ ነው። የእርስዎ 100 ኦም ቁልፍ ተጭኖ እንደተያዘ ነው የሚታየው።

መፍትሔው፦ ከቀናሹ (በ#14 ካለው) ወጥቶ ወደ ስልኩ በሚሄደው መስመር ላይ 10 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ያስገቡ፣ 16 ቮልት የሚችል፣ የፕላስ እግሩ ወደ ስልኩ። ከካፓሲተሩ በኋላ፣ በስልኩ በኩል፣ ከማይክ መስመሩ ወደ ግራውንድ 2.2 ኪሎ ኦም ያድርጉ። ስልኩ 2.2 ኪሎ ኦሙን አይቶ «ማይክ ነው» ይላል፣ ድምፁ ደግሞ በካፓሲተሩ ያልፋል። በአሁኖቹ ጃኮች ከጫፉ ጀምሮ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራውንድ፣ ማይክ ነው ቅደም ተከተሉ። ስልኩ ሞኖ ብቻ ስለሚቀበል ግራና ቀኙ በ#5 እንደተባለው አስቀድመው በሬዚስተር ይደመሩ። ጃኩ ስልኩ ላይ ከመሰካቱ በፊት መስመሩ ሁሉ በቴስተር ይፈተሽ።

#18 እሙ_ሚክሰር

ከዚህ ጋር የሚሄድ አንድ ነገር። የስልክ ጆሮ ማዳመጫ (ማይክ ያለው፣ ባለ አራት ክፍል) መቅጃው ላይ ሲሰካ አንዳንዴ ዘፋኙ ይጠፋል፣ የስልኩን ቁልፍ ተጭነው ሲይዙት ይመለሳል።

#19 ዲሲቤል_27

ያው የ#3 ጉዳይ ነው በሌላ መልክ። መቅጃው የግራውንድ ነጥቡን ማይኩ ክፍል ላይ ያሳርፈዋል፣ እውነተኛው ግራውንድ ሳይነካ ይቀራል። የግራና የቀኝ ድምፅ ማጉያዎች ግራውንድ ሲያጡ ተከታትለው ይያያዙና ልዩነቱን ብቻ ያሰማሉ። ቁልፉን ስትጫኚ ማይኩ ከግራውንድ ጋር ይገናኛል፣ መንገዱ ይከፈታል። ጃኩን አንድ ሚሊሜትር ያህል ወደ ኋላ ሳብ ማድረግም አንዳንዴ ያስተካክለዋል፣ ግን ለሥራ ባለ ሦስት ክፍል ሄድፎን ያዢ።

መለያው ይኸውልሽ፦ ዘፋኙ ሄድፎን ላይም ከጠፋ ግራውንድ ተቋርጧል፣ ጃኩን ወይም ብየዳውን ፈትሺ። ሄድፎን ላይ ኖሮ ሚክሰር ላይ ብቻ ከጠፋ ገመዱ ነው።

#20 የማታ_ሞገድ

ለሥራ የምትሉት ሄድፎን የትኛው ነው? ባለ 250 ኦም ቤየርዳይናሚክ ዲቲ 770 ፕሮ አለ፣ ኤች4ኤን ላይ ግን ድምፁ ትንሽ ነው።

#21 አንድ_ኪሎኸርትዝ

ሄድፎኑ ጥሩ ነው፣ ለዚህ መቅጃ ግን ኦሙ በዝቷል። 0.8 ቮልት በ250 ኦም ላይ 2.6 ሚሊዋት ብቻ ይሰጣል። ያ ሄድፎን በ1 ሚሊዋት 96 ዲሲቤል ነው፣ ስለዚህ ጣሪያው 100 አካባቢ ይሆናል። 100 ብዙ ይመስላል፣ ግን ለፋይሉ ከፍተኛ ጫፍ ነው፤ በ-18 የሚሄድ ዝማሬ 82 ላይ ይወርዳል፣ ሕዝብ በተሞላ አዳራሽ ያ አይበቃም። ሶኒ ኤምዲአር-7506 63 ኦም ነው፣ በ1 ሚሊዋት 106፤ በዚያው 0.8 ቮልት 10 ሚሊዋት ይወስድና 116 ይደርሳል። የዲቲ 770 ባለ 32 ኦሙም አለ። ለሜዳ ቅጂ ከ32 እስከ 80 ኦም ይሁን።

ሌላው፣ ኤች4ኤን ላይ ድምፅ መስማት መቀዳት አይደለም። ሬክን (የመቅጃ ቁልፉን) አንዴ ሲጫኑት መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል፣ ሄድፎኑም ድምፅ ያገኛል፣ ግን ገና በተጠንቀቅ ላይ ነው። ሁለተኛ ተጭኖ መብራቱ ሲረጋ ነው የሚቀዳው። ሰዓቱ መቁጠሩን በዓይን እዩ።

#22 የማታ_ሞገድ

የመጨረሻ ጥያቄ። በባለ 32 ኦም ሄድፎን ስንሰማ የበገናው ወፍራም ክር ይሳሳል፣ በሚክሰሩ በኩል ግን ሙሉ ነው። የትኛውን እንመን?

#23 ኦም_ሜትር

ሚክሰሩን እመኑ። በብዙ መቅጃዎች መውጫው ላይ ቀጥታ ቮልት የሚያግድ ካፓሲተር አለ፤ ካፓሲተሩና ሄድፎኑ አንድ ላይ ባስ ይቆርጣሉ። 220 ማይክሮፋራድ ከ32 ኦም ጋር ከ23 ኸርትዝ ጀምሮ ነው የሚቆርጠው፣ ምንም አይደል። 100 ማይክሮፋራድ ከሆነ ግን 50 ኸርትዝ ላይ 3 ዲሲቤል ወርዷል፣ ጉዳቱም ከዚያ በላይ ይሰማል። የሚክሰሩ መግቢያ በሺዎች የሚቆጠር ኦም ስለሆነ ቆራጩ ከጆሮ በታች ይወርዳል፣ ባሱ ሙሉ ያልፋል።

ነገር ግን ቀድሞ ፋንተም አርፎበት ስለነበር ግራና ቀኙን አስተያዩ። የ60 ኸርትዝ ድምፅ አጫውታችሁ በ33 ኦም ጭነት ሁለቱን ወገን ለኩ። እኩል ካነበቡ የመሣሪያው ተፈጥሮ ነው። አንዱ በግልጽ ካነሰ የዚያ ወገን ካፓሲተር ተጎድቷል፣ ይቀየራል።

#24 የማታ_ሞገድ

ተለካ፦ ግራ 0.31፣ ቀኝ 0.31።

#25 ብየዳ_ቤት

ተርፏል። ገመዱ ላይ «ድምር፣ ፋንተም አይበራም» ብለህ ጻፍበት፤ ሌላ ሰው አንስቶ እንደ ማይክ ገመድ እንዳይሰካው። ከመቅጃው በኩል ያለውን ጃክም አጠር ባለ 15 ሳንቲሜትር ለስላሳ ገመድ ቀጥለህ መቅጃው ላይ እሰረው። ያች ትንሽ ቀዳዳ የተያዘችው በቦርዱ ላይ ባለ ብየዳ ብቻ ነው፣ ከባድ አዳፕተር ሲንጠለጠልባት ብየዳው ይሰነጠቃል፤ ጃኩን ሲነኩት አንድ ወገን እየጠፋ የሚመለሰውም ከዚያ ነው።